ፈላጊ ሰባት

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬ አሥራ አንድ ጥያቄ። ለሰኞ ደህና ነው። የንብ ቀፎ አሠራር፣ የኩላሊት ጠጠር፣ የከተማው የድሮ ካርታ... አንድ ሽማግሌ ከአርባ ዓመት በፊት የተመረቁበትን የጋዜጣ ፎቶ አስፈለጉኝ። ጥራዙን ከምድር ቤት አውጥቼ፣ አቧራውን ጠጥቼ፣ አገኘሁላቸው። ከዚያ ፎቶው ላይ ራሳቸውን ለማግኘት መነጽሬን ተዋሱ። የቱ እንደሆኑ እስካሁን እርግጠኛ አይመስሉኝም።

ለጥናቴ የሚሆኑትን ሁለት ሦስቱን ደብተሬ ላይ አስገባሁ። በሦስት ዓምድ፦ ፈላጊ፣ ተፈላጊ፣ የፍለጋው መንገድ። ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ።

አማካሪዬ ምዕራፍ ሁለትን ለአራተኛ ጊዜ መለሰልኝ። በቀይ እስክሪብቶ፦ «ፍልስፍናዊ መሠረቱ የታለ?» ሃያ ሁለት ዓመት ማጣቀሻ ክፍል ቆሜ ሰው ሲፈልግ አይቻለሁ። ይሄ መሠረት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? በዚህ ዕድሜዬ የማታ ተማሪ ልሁን ያልኩ ዕለት ምን ነክቶኝ ነበር?

እትዬ ሳነብላት ሳቀች። «ያለ መሠረት ስንት ዘመን ኖረሻል፣ ዛሬ ምን አዲስ ነገር መጣ?» እትዬ የአባቴ እህት ናት። ሠላሳ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ነበረች፣ ጡረታ ከወጣች ጀምሮ የምታገናኘው መስመር ስለሌላት እኔን ትነዘንዛለች።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

የልጆች ቀን። መስማት ከተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት አሥራ አራቱም መጡ። ልክ በአሥር ሰዓት፣ እንደ ሁልጊዜው። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ማክሰኞ አላስቀሩም። ፕሮግራሙን ያስጀመርኩት እኔ ነኝ። ለማንም ባልናገርም እኮራበታለሁ። (ውሸት። ለሁሉም እናገራለሁ።)

አንዲት አዲስ ልጅ አለች። ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። ሌሎቹ ወደ ሥዕል መጻሕፍቱ ሲሮጡ እሷ ቀጥ ብላ ወደ ባንኮኒው መጣችና ብጣሽ ወረቀት ሰጠችኝ። «ጀልባ ሲሄድ ድምፅ አለው?»

አሁን ለዚህ ምን ይመለሳል? አለው ብል ምን ያደርግላታል? ስለ ጀልባ ያለንን ሁለት መጽሐፍ አወጣሁ። ከዚያ መዳፏን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ እንጨቱን በጣቴ ቀስ ቀስ እያልኩ መታሁላት። እንዲህ ነው፣ ማለቴ ነው። ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ሳቀች።

እናቷ መውሰጃው ሰዓት ላይ አጥር በሩ ጋ ቆማ ጠበቀቻት። ወደ ውስጥ አልገባችም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

አማካሪዬ ጋ ሄድኩ። ቢሮው ውስጥ ለመቀመጥ መጀመሪያ ወንበሩ ላይ ያለውን ወረቀት ማንሳት ያስፈልጋል።

«ርዕስሽ 'የሰዎች መረጃ አፈላለግ' ይላል። መፈለግ ምንድን ነው?»

«ማሰስ... መሻት...»

«የቱ? ውሃ እፈልጋለሁ ስትይ እያሰስሽ ነው? ቁልፌን እየፈለግኩ ነው ስትይ ቁልፍ አማረሽ?»

ሳቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም።

«ለኛ አንድ ቃል ነው። እግር የሚዞርለትና ልብ የሚሻው። ሰውየው አንቺ ጋ ሲመጣ የምታዪው እግሩን ነው። ልቡንስ? እና ጥያቄው የት ነው ያለው? እሱ ውስጥ? ወረቀቱ ላይ? ወይስ አንቺ ስትሰሚው ነው የሚፈጠረው? ደብተርሽ ላይ 'ለምን' የሚል ዓምድ እንኳ የለም።»

«አይጠየቅም» አልኩት። ያሠለጠኑኝ የድሮው ኃላፊ መጀመሪያ ቀን ያስተማሩኝ ይሄንን ነው። ለምን አይባልም። ለምን የሚል ቤተ መጻሕፍት ፖሊስ ጣቢያ ነው ይሉ ነበር። ንብ የሚጠይቅ ንብ ይሰጠዋል፣ መርዝ የሚጠይቅም ስለ መርዝ የተጻፈ ይሰጠዋል። ሃያ ሁለት ዓመት አምኜበታለሁ። አሁንም አምናለሁ።

«ጥሩ ሥነ ምግባር ነው» አለ አማካሪዬ። «ፍልስፍና ግን አይደለም።»

ተናድጄ ወጣሁ። ወረቀቱን ወንበሩ ላይ አልመለስኩለትም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ዛሬ እንደ ሰው የሚጠይቅ ሰው መጣ! አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ጥቁር ጃንጥላ የያዘ፣ ጫማው የተወለወለ። ጃንጥላውን በር ላይ አራግፎ ገባ። «ካላስቸገርኩዎ» ይላል ለእያንዳንዱ ነገር። የባለፈውን ዓመት የአውቶቡስ መርሐ ግብር አለ ወይ? የዘንድሮውን ሳይሆን የአምናውን፣ የሰኔን። ሌላ ቤተ መጻሕፍት ቢሆን ተጥሏል። እኔ አልጥልም።

የራሱን እርሳስ ያመጣል። ሲቀርጽ ፍርፋሪውን ወረቀት ላይ አጠራቅሞ፣ አጥፎ፣ ኪሱ ይከታል። በማስመሪያ እያሰመረ ሁለት ሰዓት ሠራ። ጥራዙን ሲመልስ ከወሰደበት ቦታ አንድ ጣት አላዛነፈውም።

«እንግዳ ነኝ። ከተማ ስገባ መጀመሪያ የምሄደው ቤተ መጻሕፍት ነው» አለኝ። ይሄ አራተኛ ከተማው ነው።

ፈላጊ ሰባት ብዬዋለሁ። ለራሴ ግን ትሁቱ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ትሁቱ ተመልሶ መጣ። ዛሬ የፈለገው የልብስ ስፌት ሥራ የሚያሠሩ ድርጅቶችን ዝርዝር ነው፣ ቤት ወስደው እንዲሰፉ ለሴቶች የሚሰጡትንም ጭምር። አውቶቡስና ስፌት... ምን ያገናኘዋል? ነጋዴ ይሆን? አልጠየቅኩም፣ ግን ምላሴን በላኝ። ለጥናቴ ሰማይ የላከልኝ ሰው ነው። አብዛኛው ሰው ምን እንደሚፈልግ ሳያውቅ ይመጣና ያገኘውን ይዞ ይሄዳል። ይሄኛው ያውቃል።

ለእትዬ ነገርኳት። «ሚስት አለው?» አለች። እሷን ማናገር በከንቱ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

የልጆች ቀን። ባለ ጀልባዋ ልጅ ዛሬም ወረቀት ይዛ መጣች፦ «ዓሣ ይተኛል?» ይተኛል። ዓይኑን ግን አይጨፍንም። ይሄንን ስታነብ ፊቷን አጨማደደች፣ አላመነችኝም መሰለኝ።

ዛሬ እናቷ ገባች። ፊቷን በሻርፕ ሸፍና ባንኮኒው ጫፍ ላይ ቆመች። ጣቷ ጫፍ ላይ መርፌ የወጋው ጠባሳ ብዙ ነው። ሰው እስኪርቅ ጠበቀችና፦

«ልጅ ያለ አባቷ ስም ማስመዝገብ ይቻላል?»

የቤተሰብ ሕጉን አወጣሁላት። አንቀጹን አሳየኋት። አነበበች። ሌላ ጠየቀች፦ አባት የልጁን የትምህርት ቤት ማኅደር ልስጥ ብሎ መጠየቅ ይችላል ወይ? ይችላል። አንቀጹ እሱንም ይላል። ጣቷ መስመሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ስሟን ሲጠሩ እኮ የሱን አብረው ይጠራሉ» አለች። ለኔ ሳይሆን ለመጽሐፉ።

ደግ ነገር ልላት ፈለግኩ... ምን ብዬ? ለምን አይባልም። አመስግና ሄደች። ፈላጊ አሥራ ሁለት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ዝናብ። ሦስት ጥያቄ ብቻ፣ ሁለቱ መጸዳጃ ቤት የት እንደሆነ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

እጅግ ጥሩ ቀን። ትሁቱን ቃለ መጠይቅ አደረግኩት። ስለ ጥናቴ ስነግረው ደስ አለው፣ ወንበር ስቦልኝ ካልተቀመጥኩ አልቀመጥም አለ። ምን እንደሚፈልግና ለምን እንደሚፈልግ እንደማልጠይቅ ነገርኩት። እንዴት እንደሚፈልግ ብቻ።

«ቀላል ነው» አለ። «የሌለችበትን አወጣለሁ። የቀረው ቦታ ያለችበት ነው።»

እንዴት ያምራል! መረጃን እንደ ትንሽ ልጅ ሲያቆላምጣት ደስ አለኝ። እኔም እኮ መጽሐፏ፣ ቁልፏ፣ ካርዷ እላለሁ፤ እትዬ ትስቅብኛለች። ደብተሬ ላይ እንዳለው ጻፍኩና በኋላ ለጥናት ስለማይሆን «ች»ዋን ሰርዤ አስተካከልኩት። የሌለበትን፣ ያለበት።

«ካጡስ? ተስፋ አይቆርጡም?»

ፈገግ አለ። «ሰው ይረዳኛል። በየሄድኩበት ሰው ደግ ነው።»

ከዚያ የዛሬውን ጥያቄ አቀረበ። መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ዝርዝር፣ በከተማ በከተማ። መማሪያ ቁሳቁስ አቅራቢ ነው ማለት ነው፣ አልኩ በልቤ። የደንብ ልብስ! ለዚህ ነዋ ስፌቱ። ሁሉም ነገር ገጠመልኝ። ዝርዝሩን ሰጠሁት። እና እንደ ልማዴ...

«እኛም ከተማ አንድ አለ። ልጆቹ ማክሰኞ ማክሰኞ እዚህ ይመጣሉ። እኔ ነኝ ያስጀመርኩት» አልኩት።

«እንዴት ያለ መልካም ሥራ» አለ። እርሳሱን አስቀመጠ። ዝርዝሩ ላይ ምንም አላሰመረም።

እሑድ፣ ጥቅምት 17



ከሰዓት በኋላ ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ወደ ንጹሕ ወረቀት እገለብጥ ነበር። እትዬ አትክልት እየከተፈች በትከሻዬ ላይ ታያለች። ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች፣ ልታበሽቀኝ ነው። የአምና አውቶቡስ... ቤት የሚወሰድ ስፌት... መስማት የተሳናቸው... ከታች ደግሞ ያለ አባት ስም... የትምህርት ቤት ማኅደር...

መክተፉን ተወችው። ከዚያ፦ «ይሄ እኮ አንድ ወሬ ነው።»

«አይ፣ ይሄ ፈላጊ ሰባት ነው፣ ይሄ ደግሞ አሥራ ሁለት።»

«ቁጥሩን ተዪው። የተሰረዘው ምንድን ነው? 'የሌለችበትን' ነው ያለው?»

«እንደ ማቆላመጥ ነው...»

«አንቺ ልጅ፣ ሴት ናት እኮ። ሰውየው የሚፈልገው ሴት ነው።»

ሁለቱን ዓምድ አየሁ። ሰባት እንዴት እንደሚገኝ ይጠይቃል። አሥራ ሁለት እንዴት እንደማይገኝ። ሁለቱም እኔን። በአራት ቀን ልዩነት፣ በአንድ ባንኮኒ ላይ። እኔ ለሁለቱም በቅንነት መልሻለሁ።

እትዬ ቢላዋውን አስቀምጣ ተቀመጠች። «እኛም ስም ሲነግሩን ቁጥር እንሰጥ ነበር» አለች። «ግን ድምፅ እንሰማለን። ድምፁ ካላማረኝ መስመሩ ተይዟል እል ነበር። እስከ ማታ ተይዟል። ማንም ለምን አላለኝም፣ እኔም ማንንም ለምን አላልኩም።»

የኔው ሰውዬ ድምፅ ግን ያማረ ነበር። ምን ልስማ?

ከነገ ወዲያ ማክሰኞ ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

በቅደም ተከተል ልጻፍ፣ አለዚያ ይደባለቅብኛል።

ሦስት ሰዓት ላይ ትምህርት ቤቱ ደወልኩ። ጸሐፊዋ አነሳች። ስለ አንዲት ተማሪ እናት አድራሻ ፈልጌ ነበር... «ለምን ፈለጉት?» አለችኝ። የቤተ መጻሕፍቱ ነኝ አልኩ፣ አስቸኳይ ነው አልኩ። በስልክ አንሰጥም ብላ ዘጋችው። አልተቀየምኳትም። ቀናሁባት። እኔም አንድ ቀን እንዲህ ብዬ በሆነ...

አራት ሰዓት ላይ ትሁቱ ገባ። «ካላስቸገርኩዎ፣ የማክሰኞዎቹ ልጆች በስንት ሰዓት ነው የሚመጡት?»

«ተቋርጧል» አልኩ። «ከዚህ ወር ጀምሮ የለም።»

በሃያ ሁለት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ።

ትሁቱ ትንሽ አየኝ። «ያሳዝናል» አለ። «እስከ ዛሬ አንድም ጊዜ 'የለም' ብለውኝ አያውቁም ነበር።» እጅ ነስቶ ወጣ። በመስኮት አየሁት። በሩ አጠገብ ያለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ጋ ቆመ። ማክሰኞ፣ 10 ሰዓት፣ የልጆች ንባብ። በራሴ እጅ ጽሕፈት፣ በሰማያዊ ማርከር፣ በትልቁ። የጃንጥላውን ጫፍ ከመስመሩ ሥር እያስኬደ አነበበው።

ከነውሸቴ መለስኩለት። ባልዋሽ ኖሮ ሰዓቱን ብቻ ነበር የሚያውቀው። አሁን መኖሯንም አወቀ።

ከዚያ ያደረግኩትን ሌላ ሰው ቢያደርግ ከሥራ አስባርረው ነበር። የልጆቹን የውሰት ካርድ መሳቢያ ከፈትኩ። አሥራ አራት ካርድ። የጀልባዋን ብጣሽ ወረቀት አውጥቼ የእጅ ጽሕፈቱን ከፊርማዎቹ ጋር አስተያየሁ። የሌለችበትን እያወጣሁ... አዎ፣ እንደሱ። አንዲት ካርድ ቀረች። አድራሻ፦ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣ የግቢው መጨረሻ ክፍል።

በምሳ ሰዓት ሄድኩ። ሴትየዋ የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። በሩን ስታይ ተነሳች። ምን ሆኑ አላለችም፣ እንኳን ደህና መጡም አላለችም።

«እንዴት አገኙን?»

«በካርዷ።»

«ስንት ሰዓት ፈጀብዎ?»

«ሃያ ደቂቃ።»

ተቀመጠች። ጃንጥላ ያለው ሰው፣ ትሁት... ብዬ ሳልጨርስ ገባት። መኪናው ላይ ያለውን ጨርቅ ማጣጠፍ ጀመረች። እጇ ፈጣን ነው። ከዚህ በፊት ያደረገችው ነገር ነው።

«ማን ነገረው?»

መዋሸት እችል ነበር። ዛሬ አንዴ ዋሽቻለሁ፣ ሁለተኛው አይከብድም። «እኔ» አልኩ። «ማክሰኞ ማክሰኞ እንደሚመጡ። አላወቅኩም።»

«ለምን እንደፈለገን አልጠየቁትም?»

«አይጠየቅም። ደንባችን ነው።»

«ደንብ» አለች። «ፖሊስ ጋም ሄጄ ነበር። አባት ልጁን ቢፈልግ ምን ክፋት አለው አሉኝ። ይፈልጋታል፣ አዎ። ልጄ እስከ አራት ዓመቷ ትሰማ ነበር፣ ያውቃሉ? ሰላምታዋ ሳይቀር ዘፈን ነበር። አንድ ቀን በዚያው ጃንጥላ እጀታ...»

አልጨረሰችውም። ጆሮዋን በእጇ ሸፈነች፣ የራሷን።

አለቀስኩ፣ እሷ ግን አላለቀሰችም። ጊዜ የላትም። ልጄን ከትምህርት ቤት ልውሰድ አለች። ልርዳሽ አልኩ። አይ አለች። በሩ ላይ ዞር ብላ፦

«የት እንደምንሄድ አይጠይቁኝ።»

«አልጠይቅም።»

«አለመጠየቅ ለዚህ ነበር የሚሆነው» አለች።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ዘጠኝ ተኩል ላይ መጣ። የልጆች ክፍል ገብቶ ትንሿ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ጉልበቱ ደረቱ ጋ ደርሶ፣ ጃንጥላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ። ዓይኔ ከእጀታው አልነቀል አለኝ። ጠቆር ያለ እንጨት ነው፣ ጫፉ ላይ ብረት ያለው። ስንት ጊዜ ባንኮኒዬ ላይ አስደግፎት ነበር?

ያስወጡልኝ ብዬ ለኃላፊው ነገርኩ። «ምን አደረገ?» አሉኝ። ምንም። ተቀምጧል። «ታዲያ?»

አሥር ሰዓት ላይ ልጆቹ ገቡ። ቆጠርኩ። አሥራ ሦስት። እሱም ቆጠረ፣ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። አንዷ ልጅ መጥታ መጽሐፍ ስታሳየው ገጹን ገለጠላት። ሄጄ ልጅቷን ያዝኳት። እስኪጨርሱ ድረስ አልተንቀሳቀሰም፣ እኔም ከክፍሉ አልወጣሁም።

ሲሄድ ባንኮኒው ጋ ቆመ።

«ትናንት ምሳ ሰዓት መጥቼ አጣሁዎት» አለ።

ይሄን ብቻ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ዘበኛውን ጠየቅኩ። አዎ፣ ሰኞ ምሳ ሰዓት መጥቶ ነበር። እኔን የት ሄደች ብሎ ጠየቀህ? «አዎ። ወደ ልብስ ማጠቢያው በኩል ወረደች አልኩት። ምነው? ጨዋ ሰው ነው፣ ሁልጊዜ ጤናዬን ይጠይቃል።»

እኔ ከሱ በምን እሻላለሁ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ልብስ ማጠቢያው ሄድኩ። ክፍሉ ተጠርጎ ባዶ። ሰኞ ማምሻውን ወጡ፣ የስፌት መኪናውን እንኳ ትተው፣ አለችኝ የማጠቢያው ባለቤት። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ጮክ ብዬ።

«ምነው ሁሉ ሰው ፈለጋቸው?» አለች። «ማክሰኞም አንድ ሰው መጥቶ ነበር። ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ። ጃንጥላ የያዘ።»

«ምን አሉት?»

«የማውቀውን። ሻንጣቸውን የጫነላቸውን ባለ ጋሪ አሳየሁት። ባለ ጋሪው የምሥራቁ መስመር አውቶቡስ ነው የተሳፈሩት አለ።»

«ለምን እንደፈለጋቸው ጠየቁት?»

የታጠበ አንሶላ እያራገፈች አየችኝ። «ምን አገባኝ? ሲያመሰግን ብታዪው!»

ወደ ፖሊስ ሄድኩ። ወጣት መኮንን ነው፣ በትዕግሥት ሰማኝ። የሴትየዋ ሙሉ ስም? ካርዱ ላይ ያለውን ነገርኩት፤ እውነተኛው ስለመሆኑ ግን አላውቅም። የሰውየው ስም? ስም የለኝም። ቁጥር ነው ያለኝ። ሰባት ቁጥር ነው የምለው? መኮንኑ እስክሪብቶውን ከደነ። መረጃ ስታገኚ ተመለሽ አለኝ።

አምስት ጊዜ ያናገርኩትን ሰው ስሙን አላውቅም። ስም አለመጻፌ ሰውን ለመጠበቅ ነበር። ማንን ጠበቅኩ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 29

ኃላፊው ጠሩኝ። ሁለት አንባቢዎች ቅሬታ አስገብተዋል። አንዱን የከተማውን የቧንቧ ካርታ ለምን ፈለጉት ብዬዋለሁ። ሌላዋን፣ የሰው ስልክ ቁጥር የጠየቀችውን፣ ሰውየው ምንሽ ነው ብዬ አስጨንቄያታለሁ። «አንቺ ነሽ ለሌሎቹ ደንቡን የምታስተምሪው» አሉኝ። ልክ ናቸው። ባለ ቧንቧው ቧንቧ ሠራተኛ ነበር።

ሴቷ ግን ምክንያቷን አልነገረችኝም። አልሰጠኋትም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

የምሥራቁ መስመር ከተሞች ጋዜጣ በሁለት ቀን ዘግይቶ ይደርሳል። ፖስታው እንደገባ እኔ ነኝ የምከፍተው። መጀመሪያ የመጨረሻውን ገጽ፣ አደጋና ወንጀል። ከዚያ ሌላውን ሁሉ። ሙያ ያስተማረኝን ዘዴ ሁሉ እየተጠቀምኩ ላገኘው የማልፈልገውን ነገር እፈልጋለሁ። አማካሪዬ ይሄንን በየትኛው ትርጉም ይመድበው ይሆን?

እትዬ ስገባ አትጠይቀኝም። ፊቴን አይታ ምግብ ታቀርባለች።

ልጆቹ ዛሬም አሥራ ሦስት ነበሩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

ምዕራፍ ሁለት አለፈ። አማካሪዬ ቢሮው ድረስ ጠርቶ፣ ወንበሩን ራሱ አጽድቶ ሰጠኝ። ጥያቄ ያለ ጠያቂ የትም የለም ብዬ ጽፌአለሁ። መልስ የሚሰጥ ሰው የፍለጋው አካል ነው፣ ከውጭ የቆመ ተመልካች አይደለም ብዬ ጽፌአለሁ። ዝምታም ውሸትም መረጃ ነው ብያለሁ። «ይሄ ከየት መጣ?» አለ። «ካለፈው ወሩ ጋር ሲተያይ ሌላ ሰው የጻፈው ይመስላል።» ከየት እንደመጣ አልነገርኩትም። 'ለምን' የሚል አራተኛ ዓምድ መጨመሬን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፣ በደስታ።

ደብተሩን ግን አላሳየሁትም። ፈላጊ ሰባትና ፈላጊ አሥራ ሁለት ጥናቱ ውስጥ የሉም። ገጾቻቸውን ቀድጄ ከእትዬ ጋር ምድጃ ውስጥ ከተናል፣ ሁለታችንም ቆመን እስኪያልቅ አየን። የሚፈልግ ሰው ቢመጣ በኔ በኩል የሚያገኘው ነገር የለም። ይሄንን ያደረግኩት ከረፈደ በኋላ መሆኑን አውቃለሁ።

ቤት ገብቼ ወረቀቱን ስገልጥ መጨረሻው ገጽ ኅዳግ ላይ አንድ ማስታወሻ አገኘሁ። በቀይ፦ «ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን አልመለስሽም። ፈላጊ ፍለጋውን የሚያቆመው መቼ ነው?»

እርሳስ አነሳሁ። ሲያገኝ ወይም ተስፋ ሲቆርጥ፣ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ «ተስፋ ሲቆርጥ» የሚለውን ደግሜ አነበብኩና ትሁቱን አሰብኩ። ማስመሪያውን፣ የእርሳሱን ፍርፋሪ ኪሱ ሲከት። እንዲህ ያለ ሰው ተስፋ አይቆርጥም። ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ ከሌላ ከተማ ጽፎ አልጠየቀኝም፣ ተመልሶም አልመጣም፣ ማንንም ስለነሱ አልጠየቀም፤ ዘበኛውንም፣ ልብስ ማጠቢያዋንም፣ ባለ ጋሪውንም እየዞርኩ ጠይቄአለሁ።

አምስት ሳምንት ሆነው መጠየቅ ካቆመ።